የማይዘጋ መዝጊያ፦ ስለ ቤት ሻተር ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እዚ ዲሲ አካባቢ ባለነው ሐበሾች መሀል ሲዘዋወር ነበር፣ ለኔም ሦስት ሰው ልኮልኛል፣ አንዱ «ያንተ ሥራ ነው እስኪ እየው» ብሎ፣ ሁለቱ ግን ሊያናድዱኝ ፈልገው ይመስለኛል፣ ተሳክቶላቸዋል። የጻፈው ወንድማችን ቤት በማሻሻጥ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ሰውየውንም አልጠላውም፣ ስለ ሞርጌጅ፣ ማለትም ስለ ቤት ብድር፣ የጻፈውን አንብቤ ተጠቅሜበታለሁ። ይሄኛው ግን ስለ ሻተር ነው። ሻተር ስል የሱቁን ተጠቅላይ ብረት እንዳይመስላችሁ፣ እዚ አገር ቤቶች ላይ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ በውጪ በኩል የምታዩትን ክንፍ ማለቴ ነው።

ያለው ባጭሩ ይሄ ነው። ሻተር ጌጥ ስለሆነ መዝጋት አይጠበቅበትም። 15 ኢንች ስፋት ያለውን ገዝታችሁ ሁሉም መስኮት ላይ ምቱት። ሉቨር ያለው፣ ማለትም ቀጫጭን ጣውላ የተደረደረበት፣ ለማንኛውም ዓይነት ቤት ይሄዳል። እንጨት ይበሰብሳል ስለዚ ፕላስቲኩ ይሻላል። ቀለሙ ጥቁር ይሁን። ባለሙያ አትጥሩ፣ በብሎን ግማሽ ቀን አይፈጅም። በልክ ማሰራት ደሞ ብር ማቃጠል ነው። ሰባት ነጥብ መሆኑ ነው። ሁሉም ውሸት ነው አልልም፣ አንድ ሁለቱ ላይ እስማማለሁ፣ ግን እኔ በእንጨት ሥራ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ዝም ብል ይቆጨኛል።

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ «ሻተር ጌጥ ነው» ከሚለው፣ ምክንያቱም የቀሩት ስህተቶች ሁሉ የወጡት ከዚህ ነው።

እኔ ያደግኩት ድሬዳዋ ከዚራ ነው፣ አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዛ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው ማለት ይቻላል፣ ሐዲዱን ሐረር ድረስ ተራራው ላይ ማውጣት ከባድ ስለነበረ ታች ሜዳው ላይ ቀረና ድሬ ተወለደች። ከዚራ ያሉት የድሮ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፣ መስኮታቸው ረዘም ያለ፣ ከውጪ በኩል ደሞ ባለ ሁለት ክንፍ የእንጨት መዝጊያ አላቸው። እናቴ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል በምሥራቅ በኩል ያለውን ትዘጋለች፣ ከምሳ በኋላ ዞራ የምዕራቡን ትዘጋለች፣ እኛ ልጆቹ ሲሚንቶው ወለል ላይ ተጋድመን በጣውላዎቹ መሀል የሚገባውን የብርሃን መስመር እየቆጠርን እንቅልፍ ይወስደናል። 11 ሰዓት ሲሆን ጓ ጓ እያደረገች ሁሉንም ትከፍታቸዋለች፣ ያ ድምፅ ለኛ «ውጡ ተጫወቱ» ማለት ነበር። ኤሲ የለ፣ ቬንትሌተር የለ፣ ግን ቤቱ ይቀዘቅዛል። የሚሠራበት ምክንያት ደሞ ቀላል ነው፣ መጋረጃ ፀሐይዋን የሚያስቆማት መስታወቱን ካለፈች በኋላ ነው፣ ሙቀቱ ገብቷል ማለት ነው፣ መዝጊያው ግን ገና ውጪ እያለች ነው የሚመልሳት።

እና እናቴ ይሄን ነገር ሻተር ብላ አታውቅም፣ መዝጊያ ነው የምትለው። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል እኮ። የማይዘጋ መዝጊያ ምን ይባላል? ወንድማችን ጽሑፉን ሲጽፍ በአማርኛ ስሙ ቢጠራው ኖሮ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ራሱ ይቆም ነበር።

«ያ ድሬ ነው፣ እዚ ኤሲ አለ» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ግን እዚም ቢሆን ኤሲ ከመምጣቱ በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ ኦገስት ላይ ሰው እንዴት ይኖር ይመስላችኋል? ፕሬዝዳንት የነበረው ጀፈርሰን እዛው ቨርጂኒያ የሠራውን ቤቱን፣ ሞንቲቼሎን፣ ሂዱና እዩ፣ ባለ ሉቨር አረንጓዴ መዝጊያዎቹ አሉ፣ የተሠሩበት ምክንያት የናቴው ነው፣ አየር ይግባ ፀሐይ አትግባ። እኔ በየቀኑ ዝጉት እያልኩ አይደለም፣ ብዙ ደንበኞቼ በዓመት አንዴም አይዘጉትም። ግን መዝጋት የሚችል ሆኖ የተሠራ ሻተርና የተለጠፈ ሻተር ከመንገድ ማዶ ይለያያሉ፣ ምን እንደሆነ ስሙን ባታውቀው እንኳን ዓይንህ የሆነ ነገር እንደጎደለ ይነግርሃል።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ፣ 15 ኢንቹ። እዚ ላይ ራሴን ነው የማጋልጠው። እዚ አገር የገዛሁት የመጀመሪያ ቤት ፊት ለፊቱ ላይ ሦስት መስኮት ጎን ለጎን የተጣበቁበት ሰፊ ነገር ነበረው፣ ወደ 9 ጫማ ይሆናል ስፋቱ፣ እኔም ያኔ ገና ግራ የገባኝ ሰውዬ ስለነበርኩ ከትልቁ መደብር የፕላስቲክ ጥንድ ገዝቼ ግራና ቀኝ መታሁት። በሳምንቱ ማዶ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ሰላም ሊሉኝ መጥተው ቆመው አዩትና፣ በጣም በትሕትና «አውሎ ነፋስ ቢመጣ ከሦስቱ መስኮት የትኛውን ነው የምትዘጋው?» አሉኝ። ሳቅኩ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። ማታውኑ ነቀልኩት።

ልኩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ክንፎች ሲዘጉ መስኮቱን ሞልተው መሸፈን አለባቸው፣ ስለዚ አንዱ ክንፍ የመስኮቱ ግማሽ ነው፣ አለቀ። መስኮትህ 36 ኢንች ከሆነ አንዱ ክንፍ 18 ነው፣ እንዲዘጋ ትንሽ መተንፈሻ ትቀንሳለህ። 28 ከሆነ 14 ነው። የሚለካው መስታወቱ አይደለም፣ ግድግዳውም አይደለም፣ ዙሪያውን ካለው የእንጨት ጠርዝ ከውስጥ እስከ ውስጥ ነው፣ ምክንያቱም ሻተሩ ሲዘጋ እዛ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀመጠው። ቁመቱ ደሞ ከታችኛው ደፍ እስከ ላይኛው ጠርዝ ሥር። እና አንዴ ብቻ አትለካ፣ ስፋቱን ላይ፣ መሀልና ታች ሦስቴ ለካ፣ ቁመቱን ግራም ቀኝም፣ የድሮ ቤት ቀጥ ያለ ነገር የለውም፣ በቀደም የለካሁት አንድ መስኮት ላይና ታቹ ግማሽ ኢንች ይለያይ ነበር፣ ባለቤቱ 20 ዓመት ኖሮበት አላወቀም። ሌላ ሰው የማይነግርህ ነገር፣ መስኮትህ ወደ ላይ የሚገፋው ዓይነት ከሆነ ሁለቱ መስታወቶች የሚገናኙበት አግዳሚ አለ አይደል፣ የሻተሩም መሀል አግዳሚ ከሱ ጋር አንድ መስመር ላይ ቢውል ቤቱ ወዲያው ይረጋጋል። የተገዛው ፕላስቲክ ላይ አግዳሚው ፋብሪካው ያስቀመጠው ቦታ ነው ያለው፣ ያንተን መስኮት የት ያውቀዋል።

ሰፊ መስኮት፣ ወደ ውጪ የወጣ ባለ ሦስት ጎን መስኮት፣ የሁለት መስኮት ጥምር፣ እነዚህ ላይ ሻተር አይደረግም። መስኮቱ አናቱ ቅስት ከሆነ ሻተሩም ተቆርጦ ቅስት መሆን አለበት፣ ቅስት ላይ ባለ አራት ማዕዘን ክንፍ መስቀል ክብ ድስት በካሬ ክዳን እንደ መክደን ነው። ጋራዥ በር ጎን ሻተር የሚለጥፉትን በተመለከተ ምንም አልልም።

«ሉቨር ለማንኛውም ቤት ይሄዳል» የሚለው በጣም ያናደደኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም የሥራው ጣዕም ያለው እዚ ጋር ነው። ሻተር ስትመርጥ የምትጀምረው ከካታሎግ አይደለም፣ መንገዱን ተሻግረህ ቆመህ ቤትህን በማየት ነው። ይሄ ቤት ምንድነው? ባለ ሁለት ፎቅ ቀይ ጡብ፣ በሩ መሀል ላይ፣ መስኮቶቹ ግራና ቀኝ እኩል ተሰልፈው የቆሙ ከሆነ ኮሎኒያል ይሉታል፣ እኛ ሰዎች ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የምንገዛው አብዛኛው የዚህ ዘር ነው። እዚ ቤት ላይ የድሮዎቹ የሚያደርጉት ነገር ነበረ፣ በተለይ ፊላደልፊያ አካባቢ፣ ምድር ቤት ላይ ድፍን ሳንቃ፣ ፎቅ ላይ ሉቨር። ለምን? ታች ሌባ አለ፣ ላይ አየር ያስፈልጋል። እንዲህ ዓይነት ምክንያት ያለው ነገር ስሠራ እኔ ደስ ይለኛል፣ አሁን ሌባው በካሜራ ቢጠበቅም ቤቱ ግን ያንን አመክንዮ ያስታውሳል።

ኬፕ ኮድ የሚሉት ትንሿ ቤት፣ ፎቋ ጣሪያው ውስጥ የተደበቀው፣ እሷ ብዙ ጌጥ አትችልም፣ ቀለል ያለ ሳንቃ ይበቃታል፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና 30ዎቹ ላይኛው ሳንቃ ላይ ጨረቃ ወይ የጥድ ዛፍ ወይ ጀልባ በመጋዝ ቀደድ ቀደድ እያደረጉ ያስጌጧት ነበር፣ ወደዚህ እመለሳለሁ። ቱዶር፣ ጣሪያው ሹል፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር እንጨት የሚታይበት፣ አብዛኛው ጊዜ ሻተር አይፈልግም፣ የግድ ከሆነ ወፍራም ጣውላዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ከኋላ በአግዳሚ የተያዙበት፣ የገጠር በር የሚመስለው። ሜሪላንድ ታኮማ ፓርክን የሞሉት ባንጋሎዎች፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ የመስኮት ጠርዛቸው ወፍራም፣ በቃ እነሱ ጨርሰዋል፣ ጠርዙ ራሱ ጌጥ ነው፣ ሻተር ስትጨምርበት ነጠላ ላይ ካፖርት እንደ መደረብ ነው። ራምብለር፣ ዝቅ ብሎ የተዘረጋው ባለ አንድ ፎቅ፣ ፊቱ ላይ ሰፊ መስኮት ያለው፣ ቅድም እንዳልኩት ተወው። ፍሎሪዳ ያላችሁ ደሞ ሌላ ዓለም ናችሁ፣ እዛ ከላይ ተንጠልጥሎ እንደ ጃንጥላ ወደ ውጪ የሚከፈተው ነው የሚያምረው፣ ባሃማ ይሉታል፣ ጥላም ነው መከላከያም ነው።

እዚ ላይ ወንድማችን ያልነካው ነገር አለ። እዚሁ ቨርጂኒያ ያለችው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ኦልድ ታውን፣ የድሮው ሰፈሯ፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በታሪካዊ ቀጠናነት የተጠበቀ ነው፣ ከመንገድ የሚታይ የውጪ ለውጥ በከተማዋ ቦርድ ይታያል፣ ሄደህ ዝም ብለህ የመሰለህን ፕላስቲክ ልለጥፍ ካልክ ያስነቅሉሃል። ከዛ ውጪ ብትሆንም ኤችኦኤ፣ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ማለት ነው፣ ካለብህ መጀመሪያ ደንቡን አንብብ። ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ይሄን ሳይጽፍ መቅረቱ ገርሞኛል።

እንጨት ይበሰብሳል። እውነት ነው፣ እዚ ላይ ግማሹን እሰጠዋለሁ። ዛሬ በየመደብሩ የሚሸጠው ለስላሳ ፓይን በፍጥነት ያደገ ዛፍ ነው፣ ውጪ ሰቅለኸው ቀለሙን ካልተንከባከብከው ጥቂት ዓመት ነው የሚቆየው። ግን እንጨትን የሚገድለው ዕድሜ አይደለም፣ ውሃ ነው። ላሊበላ የሄዳችሁ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ወጥታችሁ ከሆነ አይታችሁታል፣ ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተባለ የተሠራ ነው፣ ስንት መቶ ዓመት ሆነው፣ ቆሟል፣ ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አይነካውማ። እንግዲህ ቤታችንን ዋሻ ውስጥ አናስገባውም፣ ስለዚ እንጨቱን መምረጥ ነው፣ ቀይ ሴዳር ቀላልና መበስበስን የሚቋቋም ነው ግን ለስላሳ ስለሆነ ይጫራል፣ ማሆጋኒ ከባድና ውድ ነው ግን ያዘዝከውን ቅርጽ ይይዛል። አገር ቤት ቢሆን ዋንዛ እል ነበር፣ እሱም አሁን ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፣ ደግም ነው።

ከዛ ቀጥሎ ውሃው የሚገባበትን በር መዝጋት። ጣውላ ውሃ የሚጠጣው በጎኑ ሳይሆን በተቆረጠው ጫፉ ነው፣ እንደ ስትሮ በለው። እኔ ሻተር ሳልሰቅል በፊት ስድስቱንም ገጽ፣ ጀርባውን፣ የታችኛውን ጫፍ፣ ማጠፊያው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ሳይቀር የመጀመሪያ ቀለም አስጠጣዋለሁ። አናቱ ላይ ቀጭን መዳብ አልብሰዋለሁ። የምትገዛው ሻተር እንጨትም ይሁን ምን ገልብጠህ የታችኛውን ጫፍ እይ፣ ቀለም ካልነካው ሻጩን ሰላም ብለህ ውጣ። እና ፕላስቲኩስ ዘላለማዊ ነው እንዴ? በፀሐይ ይነጣል፣ ይሰባበራል፣ የነጣውን ጥቁር ልቀባው ብትል ደሞ ሙቀት ይይዝና ይጣመማል፣ የተጣመመ ፕላስቲክን የብርጭቆ ወረቀትም ኮላም አያድነውም፣ ቆሻሻ ነው። እንጨት ቢጎዳ አንዱን ጣውላ አውጥቼ ሌላ እተካለሁ። ለኪራይ የያዝከው ቤት ከሆነና በሁለት ዓመት የምትሸጠው ከሆነ ግን ምንም አትለጥፍ፣ ከመጥፎ ሻተር ባዶ መስኮት ይሻላል፣ ርካሽም ነው።

ጥቁር ቀለም። ቀይ ጡብ ላይ ጥቁር አይከፋም፣ እሺ። ግን ሰፈሩ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ለቅሶ ቤት ሲመስል አይታችኋል። ጥልቅ አረንጓዴ ሞክሩ፣ ዘመናትም አብሮ የኖረ ቀለም ነው። ግራጫ ድንጋይ ከሆነ ሰማያዊነት ያለው ግራጫ። ሌላ የምለው የለኝም፣ ቀለም የባለቤቱ ነው።

«ግማሽ ቀን አይፈጅም፣ በብሎን ምታው።» በብሎን ግድግዳው ላይ የተጣበቀ ሻተር ከጀርባው አየር የለውም፣ ውሃው እዛው ይቀመጣል፣ ተርብ ቤቱን እዛ ይሠራል፣ ይሄን ነቅዬ ስላየሁት ነው የምለው፣ ከአንዱ ጀርባ የወጣው ተርብ መሰላል ላይ እንዳለሁ ነው የነደፈኝ። ብሎኑ የከፈተው ቀዳዳም አለ፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው ክረምት ላይ ውሃው ገብቶ በረዶ ሆኖ ያሰፋዋል። ትክክለኛው በማጠፊያ ነው የሚሰቀለው፣ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ብረት ይመታል፣ ሻተሩ ላይ ያለው ቀለበት እሱ ላይ ይወርዳል፣ ማጽዳት ስትፈልግ ወደ ላይ አንስተህ ታወርደዋለህ። ክፍት ሲሆን ነፋስ እንዳያላጋው ከታች እንደ እባብ የተጠማዘዘ ትንሽ ብረት ይይዘዋል፣ ፈረንጆቹ የሻተር ውሻ ነው የሚሉት፣ ቆሞ ስለሚጠብቅ መሰለኝ።

አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ፣ ከዚህ በኋላ በየሰፈሩ ስትሄዱ እንቅልፍ ይነሳችኋል። ሉቨር ሻተር ሲዘጋ ቀጫጭኖቹ ጣውላዎች ዝናቡን ወደ ውጪ ነው ማፍሰስ ያለባቸው፣ ወደ መንገዱ ያዘቀዝቃሉ። እሺ፣ አሁን ክፈተው፣ ዞሮ ግድግዳው ላይ ሲቀመጥ የውስጡ ፊት ወደ ውጪ ይሆናል አይደል፣ ስለዚ ክፍት ሆኖ ከመንገድ ስታየው ጣውላዎቹ ወደ ግድግዳው ነው ማዘቅዘቅ ያለባቸው። የተለጠፉት አብዛኞቹ ግን በተቃራኒው ናቸው፣ ማለትም ግድግዳው ላይ ያለው ልክ እንደተዘጋ ሻተር ነው። እኔ ባለቤቴን ይዤ በመኪና ስሄድ ይሄን እየቆጠርኩ ነው፣ እሷ ሰልችቷታል።

የድሮ ሻተር ያለበት ቤት ገዝታችሁ ከሆነ ደሞ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ እንደሆነ ተጠንቀቁ፣ ያኔ የቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ ነበረ፣ እሱ ዓመት ነው የተከለከለው። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ አቧራው ለልጆች መርዝ ነው፣ አስመርምሩ። ይሄ እንኳን የባለሙያ ሥራ ነው፣ ግማሽ ቀን አይበቃም።

የመጨረሻው፣ በልክ ማሰራት ብር ማቃጠል ነው የሚለው። ልዩነቱን አልደብቅም፣ የፕላስቲኩ ጥንድ ርካሽ ነው፣ በልክ የተሠራ የእንጨት ጥንድ ብረታ ብረቱን ሳይጨምር የሱን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚ ሁሉንም መስኮት አትሥራ፣ ፊት ለፊት ያሉትን አራቱን ሥራ፣ ጀርባው ባዶ ይሁን።

ባለፈው ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ አንዲት እናት ትንሽ ኬፕ ኮድ ቤታቸው ላይ ሁለት መስኮት አሠሩኝ። ጨረቃና ጀልባ የተቀደደባቸውን የድሮ ሻተሮች ፎቶ ሳሳያቸው «ልጄ፣ እኔ ጀልባ ምን ያደርግልኛል፣ ጀበና አድርግልኝ» አሉኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። የጀበናዋ አፍ ቀጭን ነው፣ የእንጨቱ ጭረት ደሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ጠርዙ ላይ የቀረችው ቀጭን ጣውላ ሁለቴ ተሰበረችብኝ፣ በሦስተኛው ሳንቃ አፏን ወፈር አድርጌ፣ እጀታዋን ከሆዷ አስጠግቼ ተሳካ። አራት ክንፍ፣ አራት ጀበና። ኤችኦኤ የላቸውም፣ ተመስገን። ከሰቀልኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶ ላኩልኝ፣ ጠዋት መዝጊያውን ሳይከፍቱት ፀሐይዋ በቀዳዳው ገብታ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ሁለት ጀበና ጥላለች፣ የልጅ ልጃቸው አንዷ ላይ ቆሞ እግሩን ያያል። አንዷ ጀበና ትንሽ ተንጋዳለች፣ የመጀመሪያዋን የቆረጥኳት እሷ ናት፣ ላስተካክላት መጣሁ ብላቸው «ተዋት» አሉኝ።